ከጠቢብ ወደ ጠይብ፤ የአስፈሪ ሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች በበጌምድር ታሪክ ሲመዘኑ

በአውሮፓ ቋንቋዎች «ጎቲክ» እና «ግሮቴስክ» የሚባሉት ሁለት የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች በአማርኛ ምን ይባሉ የሚለው ጥያቄ ሲንከባለል የቈየ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ባመዛኙ ቃላቱን እንዳሉ በግእዝ ፊደል ይጽፏቸዋል፤ ተርጓሚዎች ደግሞ «አስፈሪ»፣ «ዘግናኝ»፣ «አስቀያሚ» እያሉ እንደ ሁኔታው ያልፏቸዋል። ሁለቱም መንገድ ለጊዜው ያዋጣል። ችግሩ የሚብሰው ከዘርፉ ስም ወርዶ በመጽሐፉ ውስጥ የሚመላለሱትን ፍጡራን መሰየም ሲመጣ ነው። ከመቃብሩ እየወጣ በሌሊት የሰው ደም የሚመጠውን፣ ጨረቃ ስትሞላ አውሬ የሚሆነውን፣ ከሬሳ ብልቶች ተሰፍቶ የቆመውን ምን እንበለው? አንድ ጊዜ ለእርማት በቀረበልኝ የትርጉም ረቂቅ ውስጥ ደም የሚመጠው ባላባት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ቡዳ» ተብሎ አገኘሁት። ተርጓሚው ቃሉን ለምን እንደ መረጠ ሲያስረዳ፣ አንባቢ ወዲያው እንዲፈራ ብሎ መሆኑን ገለጸልኝ። አንባቢ በእርግጥ ይፈራል። ማንን እንደሚፈራ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ጽሑፍ የተነሣው ለዚሁ ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜዎቹ አመጣጥ ጥቂት ማለት ይገባል። «ጎቲክ» የሚለው ቃል የሮማን መንግሥት ከወጉት የጥንት ሕዝቦች ከጎቶች ስም የተወሰደ ነው። በህዳሴው ዘመን የነበሩ የኢጣልያ ጸሐፊዎች ከእነሱ በፊት የነበረውን ባለ ሹል ቅስት የቤተ ክርስቲያን አሠራር ለማናናቅ ሲሹ የጎቶች ሥራ አሉት፤ የአረመኔ ሥራ ለማለት ነው። ጎቶች ግን ከእነዚያ ሕንጻዎች አንዱንም አልሠሩም። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል በ1764 እ.ኤ.አ. «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለውን ልብ ወለዱን አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት በወጣው ሁለተኛ እትም ላይ «ጎቲክ ታሪክ» የሚል ንኡስ ርእስ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ስያሜው የፈረሰ ግንብና የተዘጋ ክፍል የማይለየው፣ የአባት ኀጢአት በልጅ ላይ የሚመጣበት፣ ሙት የማያርፍበት ልብ ወለድ መጠሪያ ሆነ። የዘርፉ ስም ራሱ ከስድብ የተነሣ፣ አንድን ሥራ ላልሠራው ሕዝብ የሰጠ ቃል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

የ«ግሮቴስክ» ታሪክ አጠር ያለ ነው። በ1480 እ.ኤ.አ. ገደማ በሮም ከተማ ከመሬት በታች ተቀብሮ የነበረው የንጉሠ ነገሥት ኔሮን ቤተ መንግሥት ሲገኝ፣ ሠዓሊዎች እየወረዱ ግድግዳውን አዩ። የሰው ራስ ከሐረግ ሲበቅል፣ የአውሬ እግር በአበባ ሲያልቅ የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። ክፍሎቹ ዋሻ መስለው ስለ ታዩ ሥዕሉን በኢጣልያንኛ ዋሻ ማለት ከሆነው ከ«ግሮታ» ሰየሙት። ቃሉ ወደ ሥነ ጽሑፍ ከተሻገረ በኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለት ምሁራን በሁለት አቅጣጫ ፈቱት። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ካይዘር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የለመድነው ዓለም በድንገት ባዕድ ሲሆንብን የሚሰማ ድንጋጤ አደረገው፤ ሩሲያዊው ሚኻኢል ባኽቲን ስለ ራብሌ በጻፈውና በ1965 በወጣው ሥራው የሆድና የአፍ፣ የገበያና የበዓል ሣቅ መሆኑን አስረዳ።

ለዚህኛው አማርኛ ቃል አያጣም። «ጉድ» የሚለው ቃላችን ሁለቱን ምሁራን ባንድ ጎጆ ያሳድራል። ጉድ የሚያስደነግጥም፣ የሚያስቅም፣ የሚያሳፍርም ነው፤ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ሲባል ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የባላባቱን ሥርዐት የሚነቅፈውን፣ እንደ እብድ የሚቈጠረውን ሰው ጉዱ ካሣ ያሉት በከንቱ አይደለም። መንደሩ ጉድ የሚለው እውነት የሚናገረውን ሰው ነው፤ በስተርጅና ገበሬ ሊወጉ ዘምተው የሚማረኩት ፊታውራሪ መሸሻ ግን በመንደሩ ዐይን ጉድ አይደሉም። የልብ ወለዱ ግሮቴስክ ያለው በዚህ መገላበጥ ላይ ነው። ስለዚህ «ጉዳም» የሚለውን ነባር ቅጽል ወስዶ «ጉዳም ሥዕል»፣ «ጉዳም ትረካ» ማለት ያለ ችግር ይቻላል የሚል አስተያየት አለኝ።

ለ«ጎቲክ» ግን እንዲህ ያለ አቻ በቀላሉ አይገኝም። የሚቀርበው «ግርማ ሌሊት» ነው፤ ሐረጉ በመዝሙረ ዳዊት 90ኛው መዝሙር ስላለ ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቃሉም ዘር ብልጽግና አለው። በግእዝ «ግሩም» የሚያስፈራ፣ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነበር፤ በዛሬው አማርኛ ግን ግሩም ምግብ፣ ግሩም ሐሳብ እንላለን። ፍርሃቱ ወጥቶለት አድናቆቱ ብቻ ቀርቷል። «ግርማ» ግን ሁለቱንም እንደ ያዘ ነው፤ የንጉሥ ግርማም የሌሊት ግርማም አለ። አየርላንዳዊው ኤድመንድ በርክ በ1757 እ.ኤ.አ. ከፍርሃት ስለሚወለድ ታላቅነት የጻፈው ሐተታ ለጎቲክ ልብ ወለድ መሠረት ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ እሱ በመጽሐፍ ያስረዳውን ግርማ የሚለው ቃል ባንድ ትንፋሽ ይለዋል። ቃሉን እንዳለ መዋስ ይሻላል ለሚሉም መልሱ የከረረ መሆን የለበትም። የውሰት ቃል ሁሉ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ጅብ አይደለም፤ ስለ ሕንጻ አሠራር ሲነገር ጎቲክን ጎቲክ ከማለት ሌላ መንገድ የለም።

ጅብ ከተነሣ ዘንድ ወደ ፍጡራኑ ስም እንለፍ።

«የኦትራንቶ ግንብ» ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እውነተኛ ግንቦች ካሉበት ከጎንደር ገባ። ወደ አገሩ ሲመለስ በወሬው ካፌዙበት ሰዎች አንዱ ዋልፖል ነበር፤ ሐሰተኛ ግንብ የጻፈው ሰው እውነተኛውን ያየውን ሰው አላመነውም። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ራስ ሚካኤል ስሑል ቅጣት የተረከው ክፍል ከማናቸውም የዘመኑ ጎቲክ ልብ ወለድ ይከብዳል። የተገደሉት ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በየመንገዱ ይጣላል፤ የገዛ ውሾቹ የሰው ራስና ክንድ ወደ ግቢው ያመጡበታል፤ ጅብ ከምሽት እስከ ንጋት ከተማውን ይሞላዋል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ብሩስ በዚያው ላይ አልፎ ያስቀመጣት አንዲት ወሬ ናት። የከተማው ሰው እነዚያ ጅቦች በአስማት ተለውጠው ለሰው ሥጋ ከተራራ የሚወርዱ ፈላሾች ናቸው ብሎ ያምን ነበር ይላል። ያን ጊዜ ፈላሻ ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለጎንደር ከገነቡት፣ ብረት ከቀጠቀጡት፣ ሸክላ ከሠሩት ወገኖች ናቸው። ሬሳውን በመንገድ ያስጣለው ባለ ሥልጣኑ ነው፤ የአውሬነቱ ስም የተሰጠው ግን ለግንበኛውና ለቀጥቃጩ ነው።

ይህች ወሬ በአገር ውስጥ ብቻ አልቀረችም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖሩት ናትናኤል ፒርስና ዊልያም ኮፊን ስለ ቡዳ ብዙ ሰምተዋል። በ1831 በታተመው የፒርስ መጽሐፍ ውስጥ ኮፊን ስለ አንድ ቡዳ ስለሚባል አሽከሩ ያወራል፤ አሽከሩ ለማታው ፈቃድ ጠይቆ ወጣ፣ ሌሎቹ አሽከሮች ጅብ ሆነ ብለው ጮኹ፣ ኮፊን ዞር ሲል ሜዳውን አቋርጦ የሚሮጥ ጅብ አየ፣ ሰውየውም በነጋታው ተመለሰ። እንግሊዛዊው ሳቢን ባሪንግ ጉልድ በ1865 ስለ ተኩላ ሰዎች በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ወሬ ከአውሮፓው ተረት ጋር ደባልቆ አቀረበው። ብራም ስቶከር በ1897 «ድራኩላ»ን ከማሳተሙ በፊት ካነበባቸው መጻሕፍት አንዱ ይኸው የባሪንግ ጉልድ መጽሐፍ መሆኑ ከማስታወሻዎቹ ታውቋል። ድራኩላ ከቡዳ ተወለደ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ማስረጃ የለውም። ነገር ግን የእኛ ደጋ ወሬ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አልፏል፤ አሁን ተርጓሚያችን ድራኩላን «ቡዳ» ሲለው ያ ወሬ የአውሮፓ ካባ ለብሶ ወደ አገሩ ይመለሳል ማለት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም። ድራኩላ ባላባት ነው፤ ግንብ፣ መሬትና የዘር ሐረግ አለው፤ የሚፈሩት የመንደሩ ድኾች ናቸው። ቡዳ የሚባለው ባመዛኙ መሬት የተከለከለ የእጅ ሠራተኛ ነው፤ እፈራዋለሁ የሚለው ደግሞ መሬትና ከብት ያለው ጎረቤቱ ነው። ፍርሃቱ የሚወርድበት አቅጣጫ ተገልብጧል። አንዱን በሌላው ስም የጠራ ተርጓሚ የመጽሐፉን ትርጉም ከነነፍሱ ያጠፋዋል።

ይህን ለማየት ከደብረ ታቦር የሚሻል ቦታ አላውቅም። በራስ ጉግሣ የተቈረቈረችው፣ የየጁ ራሶች መቀመጫ የነበረችው ይህች የጉና ግርጌ ከተማ፣ ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዋና የጦር ሰፈር ነበረች። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ጋፋት ይገኛል። (የቦታው ስም ከጠፋው ከጋፋት ቋንቋ ስም ጋር አንድ ነው፤ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ያስተረጐመበት፣ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ጥቂት ሽማግሌዎችን አግኝቶ የመዘገበው ቋንቋ ነው። የቋንቋ ተመራማሪ በጋፋት በኩል ሲያልፍ ይህን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም።) ንጉሠ ነገሥቱ ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሆልንና ሌሎችንም የእጅ ሙያ ያላቸው አውሮፓውያን በጋፋት አስፍረው፣ የአገር ሰዎችን ከሥራቸው አድርገው መድፍ አስቀልጠዋል። በ1867 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደብረ ታቦር በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለች፤ መድፉም ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመረ፤ ስድስት ወር ያህል በብዙ መቶ ሰው እየተጐተተ፣ መንገድ እየተቈረጠለት ሄደ።

ለጎቲክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይቀርብለታል? የተቃጠለ ከተማ፣ በ1866 በቆራጣ ሰፈር የገባ ኮሌራ፣ ዝናብና ጭቃ፣ በገመድ የሚጐተት የብረት ፍጡር አለ። ሆኖም የዘመኑ አማርኛ ጸሐፊዎች በዚህ መንገድ አልሄዱም። ደብተራ ዘነብ የንጉሡን የመጀመሪያ ዓመታት በአድናቆት ጻፉ፤ ጽሑፋቸውን ኤኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በ1904 በፓሪስ የታተመው የአለቃ ወልደ ማርያም ታሪክ የኋለኛውን ዘመን ጭካኔ ሲተርክ ወቀሳው ግልጽ ነው፤ ግን ቅጽል ቈጣቢ ነው። ገደለ፣ አቃጠለ፣ ዘረፈ ይላል፤ ግሡ ሥራውን ይሠራል። በእኔ አስተያየት ይህ የአማርኛ ስድ ንባብ ካሉት ታላላቅ ችሎታዎች አንዱ ነው፤ «ዘግናኝ» እና «ሰቅጣጭ» እየደራረቡ የሚተረጕሙ ወገኖች ሊያጠኑት ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ክፉ ሥራ የሠራው ሰው በስሙ ይጠራል፤ በንጉሡ ፋንታ ተጠያቂ የሚሆን ጅብ ከተራራ አይወርድም።

ወደ ጋፋት ሠራተኞች እንመለስ። በዚያን ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ጠይብ» ይባል ነበር፤ ቃሉ በአንድ ጊዜ ሙያውንም ዐይኑንም ይናገራል፤ ጠይብ ማለት ቀጥቃጭም ቡዳም ነው። ሥርወ ቃሉ ግን «ጠቢብ» ነው። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን ንዋያት የሠራው ባስልኤል ጥበብ የተሞላ ሰው ነበር፤ ሠራተኛና ጥበበኛ አንድ ቃል ይበቃቸዋል። በአማርኛ በመካከል ያለው «ብ» ወደ «ይ» ሲለወጥ ፍቹም አብሮ ወረደ፤ ግእዙ «ጠቢብ» ለመምህሩና ለንጉሡ ቀረ፣ አማርኛው «ጠይብ» ለቀጥቃጩ ተሰጠ። ግሩም ከፍርሃት ወደ አድናቆት ሲወጣ ጠይብ ከአድናቆት ወደ ፍርሃት ወርዷል፤ የፍች ለውጥን ለተማሪ የሚያስረዳ መምህር ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ሌላ ምሳሌ አያሻውም። የምንጽፍበት ዘርፍ ራሱ «ኪነ ጥበብ» ይባላል፤ ከጠይብ ጋር አንድ ዘር ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ እንዲቀር ያወጡት ዐዋጅ ለቃላት አጥኚ ልዩ ጥቅም አለው፤ ለየሙያው የተለጠፈውን የስድብ ስም እየቈጠረ ያስቀምጣልና። ብረት የሚሠራው ጠይብ እንደሚባል ሁሉ፣ የሚጽፈውም ጠንቋይ ይባል እንደ ነበር ከዐዋጁ እንረዳለን። ጸሐፊውና ቀጥቃጩ በአንድ የፍርሃት መዝገብ ውስጥ ነበሩ። ጸሐፊው ከዚያ መዝገብ በትምህርት ቤትና በማተሚያ ቤት ወጥቷል፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጡም። ምጣዷንና ጀበናዋን በገበያ የሚገዟት፣ ልጇን ግን ለልጃቸው የማያጩ ቤተሰቦች አሉ። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሐጋር ሰለሞን በዚያ ከእነሱ ጋር ባደረገችው ቃለ መጠይቅ ላይ ተመሥርታ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ «የጅብ ሕዝብ» መሆኑ የስያሜው ጠባሳ ምን ያህል እንደ ተከተላቸው ያሳያል።

እዚህ ላይ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ማንሣት ይጠቅማል። በ1818 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው፤ የተሠራው ፍጡር ስም የለውም። ሕዝቡ ግን ከጊዜ ብዛት የሠሪውን ስም ለፍጡሩ ሰጠው። ሰባት ቶን መድፍ የቀለጠባትን ጋፋትን ለሚያስብ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሠሪውን ከሚያስፈራው ነገር ጋር ማምታታት በሁለቱም አገር ደርሷል። ልዩነቱ የእኛው በልብ ወለድ ውስጥ ያልቀረ መሆኑ ነው።

ጽሑፋችን ከዚህ የተሻለ አስፈሪ ፍጡር አልነበረውም እንዳይባል፣ በላዔ ሰብእ አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ በየቤተ ክርስቲያኑ መነበብ የያዘው ተአምረ ማርያም የቅምሩን ሰው ታሪክ ያውቃል። እንግዳ ተቀባይ የነበረው ባለጸጋ በሰይጣን ተታልሎ የልጁን ሥጋ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አይጥመውም፤ ሚስቱንም ሎሌዎቹንም ይበላል፤ ሰባ ስምንት ነፍስ ይደርሳል። በመጨረሻ በማርያም ስም ለለመነው ቁስለኛ ጥርኝ ውሃ ይሰጣል፤ ሚዛኑ ላይ ሰባ ስምንቱ ባንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ትቀመጣለች። በበጌምድር ደጋ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ያነገሠ ሁሉ ያውቀዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም የሰው ክንድ ይዞ ተሥሎ ያየዋል። ባኽቲን የሚለው አፍና ሆድ፣ ካይዘር የሚለው ድንጋጤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ለስያሜ ጥያቄያችን ግን ዋናው የስሙ አሠራር ነው። «በላዔ ሰብእ» የግብር ስም ነው፤ ሰውየው በሠራው ሥራ ተጠራ፣ ስለዚህም ከሥራው ሊመለስ ይችላል። «ቡዳ» የዘር ስም ሆኗል፤ ከአባት ይወረሳል ተብሎ ይታመናል፣ የንስሐ በር የለውም።

ከዚህ ተነሥቼ ለተርጓሚዎች የማቀርበው ሐሳብ የግብር ስሞችን እንዲመርጡ ነው። ለመቃብሩ ባላባት «ደም መጣጭ» በቂ ነው። ቃሉ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለባላባትና ለበዝባዥ በየመፈክሩ ሲውል የፖለቲካ ጠረን አልያዘም አይባልም፤ ነገር ግን ካርል ማርክስ ራሱ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ካፒታልን በደም መጣጭ መስሎታል፣ ድራኩላም ባለ ርስት ነው፤ ጠረኑ አያጣላም። ሰው ለሚበላ ግዙፍ ፍጡር «ጭራቅ» አለ፤ ልጆች የሚፈሩት ቢሆንም በየትኛውም መንደር ጭራቅ ተብሎ የሚገለል ወገን የለም። ለሙት ጥላ «ጣረ ሞት» አለ። ደራሲው ራሱ በአማርኛ «ቡዳ» ብሎ የጻፈውን ግን ማንም ሊያርመው አይገባም፤ ስለ እምነቱ የሚጽፍ ሰው ቃሉን ያስፈልገዋል። መዝገበ ቃላትም «ጠይብ» በሚለው ቃል ሥር ሙያውን፣ ስድቡንና ሥርወ ቃሉን ለያይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የሚያስቸግረው ጨረቃ ስትሞላ የሚለወጠው ነው። «ጅብ ሰው» ማለት በላይኛው ምክንያት አይሆንም። «ሰው ተኩላ» የሚሉ አሉ፤ በአማርኛ ጥምር ስም ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ስለሚውል ይህ ሰው የመሰለ ተኩላ ይሆናል፤ በልብ ወለዱ ግን ፍጡሩ ቀን ቀን ሰው ነው። «ተኩላ ሰው» የተሻለ ነው። ተኩላ ለደጋ አንባቢ ከአጥሩ ውጪ ሌሊት የሚጮኸው አውሬ አይደለም፤ ይበልጡን የሚያውቀው በማቴዎስ ወንጌል የበግ ለምድ ለብሶ ነው።